ትምህርት አሥራ አንድ፦ የባጃጅ ዓመታዊ ምርመራ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ የአንድን መሣሪያ ጉድለት በምልክቱ፣ በምክንያቱና በውጤቱ ለይታችሁ በትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ለመግለጥ ትችላላችሁ።

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ አስቀድሞ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. «ባጃጁ ተበላሽቷል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለመካኒኩ ምን ይነግረዋል? ምንስ ሳይነግረው ይቀራል?
2. ቦሎ የተለጠፈበት ተሽከርካሪ ሁሉ ጤነኛ ነው ለማለት ይቻላልን?

ለ. ምንባብ

ጎንደር በኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከቁስቋም የሚወርድ ወይም ከአዘዞ ወደ ፋሲል ግንብ የሚወጣ መንገደኛ ዳገትና ቁልቁለት ሳያይ አይውልም። በዚህ መንገድ ላይ ተማሪውን ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴውን ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ከሚያመላልሱት ተሽከርካሪዎች አንዱ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው።

ባጃጅ የስኩተር ዘመድ ነው። ፒያጅዮ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ «ቬስፓ» የተሰኘውን ባለ ሁለት እግር ስኩተር እ.ኤ.አ. በ1946፣ ከእርሱ የተወለደውን ባለ ሦስት እግር «አፔ» ደግሞ በ1948 አወጣ። ቬስፓ ተርብ፣ አፔም ንብ ማለት ነው። ባጃጅ የተሰኘው የህንድ ኩባንያ ቬስፓን በፈቃድ ሲሠራ ከቆየ በኋላ የራሱን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ወደ ብዙ አገሮች ላከ፤ በአገራችንም የኩባንያው ስም የተሽከርካሪው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የባጃጅ መሪ እንደ ስኩተር እጀታ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ጎማዎቹም ትንንሽ ናቸው። ትንሽ ጎማ በአንድ ዓይነት መንገድ ላይ ከትልቁ ይልቅ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር ቶሎ ያልቃል። ከፊት ያለው እግር አንድ ብቻ በመሆኑም፣ ከልክ በላይ የጫነ ባጃጅ በፍጥነት ሲታጠፍ ለመገልበጥ ይቀርባል።

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። ምርመራውን ላለፈው የሚሰጠውን ምልክት ሕዝቡ ቦሎ ይለዋል። ይህ ሥርዓት በሌሎች አገሮችም አለ፤ ለምሳሌ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1960 ዓመታዊ ምርመራን ስትጀምር የታዩት ፍሬን፣ መብራትና መሪ ነበሩ። እነዚህ ሦስቱ የቀደሙት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መቆም፣ መታየትና መታጠፍ የማይችል ተሽከርካሪ ለነጂውም ለእግረኛውም ጠላት ነውና።

ከሁሉ የሚቀድመው ፍሬን ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ የፍሬን ዘይት ግፊቱን ወደ እግሮቹ ያደርሳል፤ በየእግሩ ከበሮ ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራም ከበሮውን ይዞ ያቆመዋል። ሸራው ሲያልቅ ፔዳሉ ርቆ ይወርዳል። በዘይቱ ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ ይለሰልሳል፤ ደጋግመው ሲረግጡት ግን ይጠነክራል። ዘይቱ የሚያፈስበት ቦታ ካለ ደግሞ ፔዳሉ እግር እንደ ተጫነው ቀስ በቀስ ይሰምጣል። ፍሬን ሲያዝ ባጃጁ ወደ አንድ ወገን የሚስብ ከሆነ፣ አንደኛው እግር ከሌላው አብልጦ ይይዛል ማለት ነው።

የመብራት ጉድለት ብዙውን ጊዜ ከትንሽ ነገር ይነሣል፤ ምክንያቱ የተቃጠለ አምፖል ወይም የዛገ የሽቦ ጫፍ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በደጋው የክረምት ጭጋግ ውስጥ የኋላ መብራት የሌለው ባጃጅ ከኋላው ለሚመጣው መኪና አይታይም። የፊቱን እግር ከመሬት አንሥተው ሲወዘውዙት የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ጎማም ጥርሱ ሲያልቅ በርጥብ ድንጋይ ላይ ይንሸራተታል።

ሞተርም ምልክት አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር፣ ደባርቅም ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በጎንደር ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ወደ ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን የሚቃጠለው ዘይት ነው።

ሞተር ቢደክም ባጃጁ ዳገት ላይ ይቆማል፤ ፍሬን ቢደክም ግን ቁልቁለት ላይ አይቆምም። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሳይለቅ የሚወርድ ነጂ ከበሮውንና ሸራውን ያግላል፤ የጋለ ሸራም የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ ስላለው፣ ሳይቀየር የቆየ ዘይት በዚህ ሙቀት ሊፈላ ይችላል፤ እንፋሎቱም ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ከደባርቅ አልፎ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ቆላ የሚወርድ የከባድ መኪና ነጂ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ የሚያስገባው ስለዚህ ነው። ይኸው ጥንቃቄ ከቁስቋም ለሚወርድ ባጃጅም ይገባል።

እንግዲህ ቦሎ የአንድ ቀን ምስክር ነው። ለምርመራው ቀን ብቻ ደኅና ጎማ ተውሶ የሚያስር፣ ምርመራው ሲያልፍም ጥርሱ ያለቀውን መልሶ የሚያስገባ ባለ ንብረት ቢኖር፣ የሚጎዳው መርማሪውን ሳይሆን በማግስቱ የሚሳፈሩትን ልጆች ነው። መርማሪው ባጃጁን የሚያየው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ነጂውና ተሳፋሪው ግን በየቀኑ ያዩታል። ስለሆነም ጉድለትን አስተውሎ በትክክል መናገር የመርማሪው ብቻ ሥራ አይደለም።

ሐ. የቃላት ጥናት

በአማርኛ ከሚነገሩት የተሽከርካሪ ዕቃዎች ስሞች ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የአንዳንዶቹ የመነሻ ፍቺ ይህ ነው።

ፍሬን፦ ልጓም
ካንዴላ፦ ሻማ
ማርሚታ፦ ድስት
ፍሬቻ፦ ቀስት
ፍሪሲዮን፦ መፋተግ
ኩሽኔታ፦ ትንሽ ትራስ
ቦሎ፦ ማኅተም

ፈረስ በልጓም እንደሚገታ ተሽከርካሪም በፍሬን ይገታል፤ ስሙና ሥራው የተስማሙ ናቸው። የቀሩት ስድስት ዕቃዎች ስማቸውን ያገኙት በመልካቸው ነው ወይስ በሥራቸው? ለእያንዳንዱ አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

መ. ሰዋስው፦ ምክንያትና ውጤት

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. የፍሬን ዘይቱ ስላለቀ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል።
2. ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል፤ የፍሬን ዘይቱ አልቋልና።
3. የፍሬን ዘይቱ አልቋል፤ በዚህም ምክንያት ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል።

ሦስቱም አንድ ሐሳብ ይገልጣሉ። በ1ኛው ምክንያቱ በ«ስለ» ታስሮ ጥገኛ ሐረግ ሆኗል፤ ዐቢዩ ሐረግ ውጤቱ ነው። በ2ኛው ውጤቱ ቀድሞ ምክንያቱ በ«ና» ተከትሎታል። በ3ኛው ምክንያቱና ውጤቱ ራሳቸውን ችለው በ«በዚህም ምክንያት» ተያይዘዋል።

ማስታወሻ፦ «ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ፍሬኑ ደከመ» የሚለው ዐረፍተ ነገር የጊዜን ቅደም ተከተል ብቻ ይነግረናል። ከአንድ ነገር በኋላ የሆነ ሁሉ ከዚያ ነገር የተነሣ ሆነ አይባልም።

ሠ. ድርሰት፦ ጉድለትን መግለጥ

እነዚህን ሁለት መግለጫዎች አወዳድሩ።

የመጀመሪያው፦ «ፍሬኑ አስቸጋሪ ሆኗል፤ ተመልከተው።»

ሁለተኛው፦ «ዛሬ ጧት ከቁስቋም ስወርድ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ብረግጠው እስከ ወለሉ ወረደ፤ በሦስተኛው ያዘ። በኋለኛው የግራ እግር ላይ እርጥበት አይቻለሁ፤ የፍሬን ዘይት ይመስለኛል።»

የመጀመሪያው የተናጋሪውን ቅሬታ ብቻ ይነግረናል። ሁለተኛው ጊዜውን፣ ቦታውንና የሆነውን በቅደም ተከተል ይዟል። ደግሞም «አይቻለሁ» እና «ይመስለኛል» በማለት የታየውን ከተገመተው ለይቷል። መካኒኩ ሥራውን ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ከዚህኛው ነው።

ረ. መልመጃ

1. ፔዳሉ በተደጋጋሚ ሲረገጥ መጠንከሩና እግር እንደ ተጫነው መስመጡ የተለያየ ጉድለት የሚያሳዩት እንዴት ነው? ከምንባቡ አስረዱ።
2. «ቦሎ የአንድ ቀን ምስክር ነው» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
3. ጥቁር ጭስና ሰማያዊ ጭስ ስለሚያመለክቱት ጉድለት «ስለ»ን እና «ና»ን በመጠቀም ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።
4. የተሳፈራችሁበት ባጃጅ ፍሬን ሲይዝ ወደ ቀኝ ይስባል እንበል። ነጂውን «ጋሼ» ብላችሁ በአክብሮት የምትነግሩበትን ንግግር ከአራት በማይበልጡ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ያያችሁትንና የገመታችሁትን ለዩ።
5. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ካሉት መሣሪያዎች አንዱን፣ ለምሳሌ ወፍጮን፣ ብስክሌትን ወይም የውሃ ቧንቧን መርጣችሁ፣ አንድ ጉድለቱን በምልክት፣ በምክንያት፣ በውጤትና በመፍትሔ ከፍላችሁ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ ጉድለቱ የት እንዳለ ከድርሰቱ ብቻ ማወቅ ካልቻለ እንደገና ጻፉት።