አሮጌ የሲ ፕሮግራም ወደ አዲስ ኮምፓይለር ሲዛወር

የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ሲጽፍ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ሳይስቁ እንደማይቀሩ ዐውቃለሁ። ሆኖም ባለፈው ክረምት እጄ የገባው አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ ቃላት መዝገብ ፕሮግራም ያስተማረኝን ለጓደኞቼ ሳላካፍል ማለፍ አልወደድሁም።

እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ኢንቴል 8086 የሚሠራው በ16 ቢት ቁጥር ነበር። በዚህ ቁጥር የሚጠራው 65,536 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ሜሞሪው ግን እስከ 1,048,576 ባይት ይደርስ ነበር። ስለዚህ አድራሻው ለሁለት ተከፈለ፤ የሴግመንቱ ቁጥር በ16 ተባዝቶ ርቀቱ ይደመርበታል። ነገሩ ቤትን በቀበሌና በቤት ቁጥር እንደ መጥራት ነው። በዚያው ቀበሌ ላለ ሰው የቤት ቁጥሩ ይበቃዋል፤ ባለ 2 ባይቱ «ኒር» ፖይንተር ይህ ነው። ከሌላ ቀበሌ ለሚመጣ ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ ይህም ባለ 4 ባይቱ «ፋር» ነው። ልዩነቱ እዚህ አንድ ቤት ብዙ አድራሻ ሊኖረው መቻሉ ነው፤ ሴግመንት 100 ርቀት 32፣ ሴግመንት 102 ርቀት 0፣ ሁለቱም 1,632 ናቸው።

በዛሬዎቹ የተለመዱ ኮምፓይለሮች ዘንድ ሜሞሪው አንድ ወጥ ሜዳ ስለሆነ «ፋር» አያስፈልግም። ኮምፓይለሩ ራሱ ይጮኻልና ቃሉን መሰረዝ ቀላል ነው። በ16 እያባዛ አድራሻ የሚያሰላ መስመር ግን እንደገና መጻፍ አለበት።

እውነተኛው አደጋ ኮምፓይለሩ ዝም ብሎ የሚያሳልፈው ነው። በድሮው ኮምፓይለር «ኢንት» 2 ባይት ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ 4 ነው። ፕሮግራሜ እያንዳንዱን ቃል በፋይል ያኖረው አንድ «ኢንት» እና 30 ፊደል፣ በድምሩ 32 ባይት አድርጎ ነበር። አዲሱ ኮምፓይለር 4 እና 30 ደምሮ፣ ማሟያ 2 ጨምሮ 36 አደረገው። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ስሕተት አለፈ፤ ሲሠራ ግን ቁጥሩ የመጀመሪያውን ቃል 2 ፊደላት ዋጠ፣ ሁለተኛው መዝገብም 4 ባይት ዘግይቶ ተነበበ። አንዲት ቃል አርሜ ብመልስ ኖሮ የሌሎች ሰዎች የዓመታት ድካም በተበላሸ ነበር።

መድኃኒቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት ፋይሉን መገልበጥ። ሁለተኛ፣ ወደ ፋይል በሚገባው መዝገብ ውስጥ በ«ኢንት» ፈንታ በ1999ኙ የሲ ደንብ የገባውን፣ ስፋቱ የታወቀውን የ16 ቢት ዐይነት መጠቀም። ሦስተኛ፣ ፋይሉ ሳይከፈት የመዝገቡ መጠን 32 መሆኑን በ«ሳይዝኦፍ» ማረጋገጥ።

እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ይህን ከአሮጌ መጻሕፍት እናውቀዋለን። የማናውቀው ቃል መዝገበ ቃላት ያስገልጠናል እንጂ አያሳስተንም፤ የሚያሳስተን መልኩ ሳይለወጥ ትርጉሙ የተለወጠው ነው። «ፋር» የመጀመሪያው ዐይነት ነው፤ «ኢንት» ግን ሁለተኛው።