ስልካችን አልገናኝ ሲል፦ ከፎርማት በፊት ምን እንይ?



ባለፈው ሴሚስተር የአንዲት እህታችን ታብሌት ቻርጅ ጨርሶ ለቀናት ጠፍቶ ቆየ። ስታበራው ቀኑ ተዛብቶ ስላገኘችው በእጇ አስተካከለችው። የሞላችው ግን የእኛን ዓመተ ምሕረት ነበር። ከዚያ በኋላ ዋይፋይ እያለ ድረ ገጽ አልከፍት አላት። ጥገና ቤት ወሰደችው፤ ፎርማት ተደረገ። ታብሌቱ ሠራ፤ በፎቶ ያስቀመጠችው የሴሚስተሩ ኖት ግን አብሮ ጠፋ። ቀኑን ማስተካከል ብቻ ይበቃ ነበር። ስለዚህ በዚህ እትም የግንኙነት ችግርን በቅደም ተከተል መፈተሽ እንማራለን።

1ኛ. ችግሩ የማን ነው? መጀመሪያ የዶርም ጓደኞቻችንን እንጠይቅ። የሁሉም ከተቋረጠ ስልካችንን አንነካካ። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ መብራት ሲጠፋ ኔትወርክ ሊደክም ይችላል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሴቲንግ መቀያየር የሚፈይደው ነገር አልነበረም። የተቋረጠው የእኛ ብቻ ከሆነ ግን እንቀጥል።

2ኛ. ቀላሉን እናስቀድም። ለሶላት ስንገባ ያበራነውን ኤርፕሌን ሞድ ረስተነው ይሆን? ዳታው በርቷል? ፓኬጁስ አላለቀም? የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቀሪ ሂሳባችንን በ*804# እናያለን። ከዚያ ስልኩን አጥፍተን እናብራ፤ ሲም ካርዱን አውጥተን እንመልስ።

3ኛ. ቀንና ሰዓት። ድረ ገጾች የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የማረጋገጫ ሰርተፍኬት አላቸው። የእኛን ዓመተ ምሕረት ስንሞላ ስልኩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይመለሳል፤ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ስለሚመስለው ገጹን አይከፍትም።  መፍትሔው አውቶማቲክ ቀንና ሰዓትን ማብራት ነው። ሲም የሌለው ታብሌት ከሆነ የፈረንጆቹን ቀን እንሙላ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለስልኩ 9:00 መሆኑንም አንርሳ።

4ኛ. ዋይፋይ «ተገናኝቷል» እያለ ኢንተርኔት ከሌለ፦ አንዳንድ ዋይፋይ መጀመሪያ ብሮውዘር ላይ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ያንን ገጽ እንክፈት። ቪፒኤን በርቶ ከሆነ እናጥፋው። ካልሆነ ዋይፋዩን ከስልኩ ሰርዘን፣ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገብተን እንሞክር።

5ኛ. የኔትወርክ ሴቲንግን ብቻ ሪሴት ማድረግ። ይህ የተቀመጡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎችንና የብሉቱዝ ግንኙነቶችን ያጠፋል፤ ፎቶና ፋይል ግን አይነካም። ሁሉንም ነገር የሚያጠፋው ምርጫ እዚያው አጠገቡ ስለሚገኝ፣ ከመንካታችን በፊት ጽሑፉን በደንብ እናንብብ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች 994 ደውለን እንጠይቅ። ጥገና ቤት የምንሄድ ከሆነም ኖታችንን፣ አሳይመንታችንንና ፎቶዎቻችንን አስቀድመን ወደ ፍላሽ ወይም ወደ ጓደኛ ላፕቶፕ እንገልብጥ። «ፎርማት ይደረግ?» ስንባል፣ ፋይላችን ሌላ ቦታ መኖሩን በዓይናችን ሳናይ «እሺ» አንበል።