ዋይፋዩ ለደንበኛ፣ ኬብሉ ለፕሪንተሩ

ብዙ ኮፒ ቤት የዋይፋዩ ፓስዎርድ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ያንን ያነበበ ሁሉ ኢንተርኔቱን ብቻ ሳይሆን ፕሪንተሩንም አብሮ አገኘ ማለት ነው። አብዛኞቹ የኔትወርክ ፕሪንተሮች በፖርት 9100 የመጣላቸውን «አንተ ማነህ?» ሳይሉ ያትማሉ። ወረቀቱም ቀለሙም ከእናንተ ኪስ ነው።

ራውተራችሁ ለእንግዳ የሚሆን «ገስት» ዋይፋይ ካለው እሱን ለደንበኛ ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከሌለው ሁለተኛ ራውተር ግዙ። የመጀመሪያው ለደንበኞች ዋይፋይ ይሁን። ከእሱ ላን ቀዳዳ ኬብል ሳቡና ሁለተኛው ላይ «ዋን» የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሰኩት። የሠራተኞቹን ኮምፒውተሮችና ፕሪንተሩን ከሁለተኛው ላን ቀዳዳዎች ጋር አገናኙ። እነሱ ወደ ኢንተርኔት ይወጣሉ፤ የደንበኛው ስልክ ግን ወደ እነሱ አይገባም።

ሰው የሚሳሳተው እዚችው «ዋን» ቀዳዳ ላይ ነው። ዋንን ትታችሁ ላን ላይ ከሰካችሁ ሁለቱ ራውተሮች አንድ ኔትወርክ ይሆናሉ፤ ኢንተርኔቱ ሊሠራ ስለሚችል ደግሞ ማንም አይጠረጥርም። ስለዚህ በደንበኛው ዋይፋይ የገባ ስልክ ያዙና የፕሪንተሩን አይፒ አድራሻ ብራውዘር ላይ ጻፉ። የፕሪንተሩ ገጽ ከተከፈተ ሥራው አላለቀም።

ቀጥሎ አድራሻ። ሁለቱም ራውተሮች 192.168.1.1 ከሆኑ ይጋጫሉ፤ ሁለተኛውን 192.168.50.1 አድርጉት። ለፕሪንተሩ ደግሞ ለምሳሌ 192.168.50.20ን ራውተሩ ላይ በቋሚነት አስይዙለት። አለበለዚያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላ አድራሻ ሊይዝ ይችላል፤ ኮምፒውተሩም የድሮውን እየፈለገ «ኦፍላይን» ይላችኋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ከሰዓቱን ሙሉ ድራይቨር ሳጠፋና ስጭን ውያለሁ።

ከስልካቸው ማተም ለሚፈልጉ ሠራተኞች የሁለተኛውን ራውተር ዋይፋይ በሌላ ስምና ፓስዎርድ ክፈቱ። ፕሪንተሩ በኬብል ቢሆንም በዚያ ዋይፋይ የገባ ስልክ ያገኘዋል፤ ኔትወርኩ አንድ ነውና። ይህ ፓስዎርድ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም።

ብዙ ሰው የሚረሳት አንዲት ነገር አለች፦ «ዋይፋይ ዳይሬክት»። ፕሪንተሩ ራሱ የሚረጨው ዋይፋይ ነው፤ ኬብል ተሰክቶለትም ሊበራ ይችላል። እሱን ካላጠፋችሁ የፊቱን በር ዘግታችሁ የጓሮውን ከፍታችኋል።

ደንበኛው ፋይሉን በቴሌግራም ይላክላችሁ። ፕሪንተሩ ጋ የሚያደርሰው ጉዳይ የለውም።