የጉድጓዱ ሐሪም፦ ከመሬት በታች ስላለው ነዳጅና ስለምንጠጣው ውሃ

ቢስሚላህ። 

ባለፈው ወር ከጡሃራ ደርስ በኋላ አንድ ወንድም እጁን አወጣ። «በሰፈራችን ያለው የመስጂድ ጉድጓድ ከነዳጅ ማደያ ጀርባ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ዉዱእ ይሆንበታል ወይ?» ኡስታዙ ስለ ዉዱኡ መለሱለት። ስንወጣ ግን ወንድማችን ቀስ ብሎ «ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የማደያው ባለቤት የመስጂዱን ምንጣፍ የገዙ አባት ስለሆኑ ማንም አይናገርም» አለኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የቀረውን ጥያቄ ይመለከታል።

1. የፊቅሁ መልስ የት ድረስ ነው?

ውሃን በቀለሙ፣ በጣዕሙና በሽታው እንለያለን። ነጃሳ ገብቶ ከሦስቱ አንዱን ከለወጠው ውሃው ይነጅሳል። ነዳጅን ግን አብዛኞቹ ዑለማዎች ነጃሳ አይሉትም። በሻፊዒ መዝሀብ፣ ጧሂር ነገር ውሃ ውስጥ ተዋህዶ ስሙን እስኪያጣ ድረስ ከለወጠው ዉዱእ አይደረግበትም። እንደ ዘይት ያለ ከውሃ ጋር የማይዋሃድ ነገር ግን «ሙጃዊር»፣ ማለትም ጎረቤት ይባላል፤ በእርሱ ምክንያት ሽታው ቢለወጥም ውሃው አጥሪነቱን አያጣም። ኢማም ነወዊ በሚንሃጅ የውሃ ምዕራፍ ላይ ይህን ጠቅሰዋል። በአንድ ጉድጓድ ላይ ፈትዋ የሚሰጡት ግን ዑለማዎች ናቸው።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንቆማለን። ነገር ግን ዉዱእ ይሆንበታል ማለት ይጠጣል ማለት አይደለም። ጉዳት መወገድ አለበት የሚለው የፊቅህ መርህ ሌላ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድደናል።

2. አፍንጫ የማይደርስበት ጉዳት

በመኪና ቤንዚን ውስጥ ቤንዝን የሚባል ኬሚካል አለ። ስማቸው ቢቀራረብም አንድ አይደሉም። ቤንዝን ካንሰር ያመጣል፤ የደም ካንሰር ዋነኛው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው። ምላሳችን ጣዕሙን መለየት የሚጀምረው በሊትር ከ0.5 ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ይህ ከጣሪያው 50 እጥፍ ነው። ስለዚህ ውሃው ምንም ጣዕም ሳይኖረው ሊጎዳ ይችላል።

አብረን እናስላ። ከቤንዚኑ 1 በመቶው ቤንዝን ነው ብንል፣ በአንድ ሊትር ውስጥ 8.8 ግራም ያህል ይኖራል። ይህንን ለ0.01 ሚሊግራም ስናካፍለው 880,000 ሊትር ውሃ ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ይህን ሁሉ ውሃ እስከ ጣሪያው ሊያደርሰው ይችላል ማለት ነው። ናፍጣ በጣም ያነሰ ቤንዝን ቢኖረውም ሌሎች ጎጂ ነገሮች አሉት።

3. ታንክ እንዴት ያፈሳል?

የማደያ ታንክ ተቀብሮ ስለሚኖር አይታይም። ብረት ከሆነና መከላከያ ከሌለው እርጥብ አፈር ውስጥ ይዝጋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚያፈሰው ከታንኩ ይልቅ የቧንቧው መገጣጠሚያ ነው። በሴኮንድ አንድ ጠብታ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ይሆናል።

የፈሰሰው ወደ ታች ሰርጎ የከርሰ ምድር ውሃ ሲያገኝ፣ ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከፊሉ እየሟሟ ከውሃው ጋር ይጓዛል። በክረምት የውሃው ወለል ከፍ ሲል የተበከለውን አፈር ይነካል። ወንድማችን ክረምት ላይ የሚሸተው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

የአዊ ምድር እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ የዘንገና ሐይቅ ራሱ በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ ያለ ነው። በተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ውሃ በስንጥቁ ስለሚጓዝ የት እንደሚወጣ መገመት ይከብዳል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ደግሞ በእንጅባራና በዳንግላ ያልፋል፤ ማደያው የሚተከለው መንገዱን ተከትሎ ነው፣ ከተማውም እንዲሁ።

4. ሐሪምና ሒስባ

ፉቀሃዎች ስለ ጉድጓድ ሲጽፉ «ሐሪም» የሚሉት አላቸው፦ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለ፣ ሌላ ሰው ጉድጓዱን በሚጎዳ መንገድ ሊጠቀምበት የማይችል ቦታ። ዛሬ በኢንጂነሪንግ የውሃ ምንጭ ጥበቃ ክልል የምንለው ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል። ሕግን የሚያስከብርም ያስፈልጋል። ኢማም ማወርዲ ስለ አስተዳደር በጻፉት መጽሐፍ፣ ሙሕተሲቡ የገበያ ሚዛን ከመቆጣጠር ባሻገር የከተማው የመጠጥ ውሃ ሲበላሽ እንዲጠገን የማዘዝ ኃላፊነት እንዳለበት አስቀምጠዋል።

አሜሪካ ይህን በዋጋ ተማረች። በ1977 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ግዛት ፕሮቪንስታውን በምትባል ከተማ ከማደያ ታንክ የፈሰሰ ቤንዚን የከተማዋን የውሃ ጉድጓዶች አሰጋ። በ1984 የተቀበሩ ታንኮችን የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ በ1986 ከእያንዳንዱ ጋሎን ነዳጅ 0.1 ሳንቲም የሚሰበሰብበት የማጽጃ ፈንድ ተቋቋመ። ለአሮጌ ታንኮች እስከ 1998 ድረስ ጊዜ ተሰጠ፦ ይሻሻሉ፣ ይቀየሩ፣ ወይም ይዘጉ። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ፍሳሾች ተመዝግበው አብዛኞቹ ጸድተዋል። ፍሳሹ የታወቀው ስለተፈለገ ነው።

የእኛም አገር ሕግ አለው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። የአካባቢ ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ገብቶ መመርመር ይችላል። ከሁሉም በላይ፣ ማንኛውም ሰው ራሱ ባይጎዳ እንኳ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን መኖር የለበትም።

5. ምን እናድርግ?

መጀመሪያ እናጣራ። ሽታው ከጄኔሬተር ወይም ከጋራዥ የፈሰሰ ዘይት ሊሆን ይችላል። ሳይጣራ ሰውን መወንጀል ሌላ ሐራም ነው። ውሃው በላብራቶሪ እስኪመረመር ግን ከእርሱ አይጠጣ። ማፍላት አይበቃም፤ እንፋሎቱም ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ ወደ ባለቤቱ በአደብ እንሂድ፤ ለብቻቸው፣ ሽማግሌ ይዘን። ማደያው ራሱ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ አለ፦ ትናንት ማታ ታንኩ ውስጥ በዘንግ የተለካው፣ ሲደመር ዛሬ ከቦቴ የተራገፈው፣ ሲቀነስ በማሽኑ የተሸጠው፣ ዛሬ ማታ ሊኖር የሚገባውን ይሰጣል። ትንሽ ልዩነት በሙቀትና በትነት ይመጣል። በየቀኑ ወደ አንድ ወገን የሚጎድል ከሆነ ግን ነዳጁ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ባለቤቱም እየከሰሩ ነው፤ ምክራችን ለእርሳቸውም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ካልሰሙን አቤቱታውን በጽሑፍ እናቅርብ፣ ቀኑንም እንመዝግብ። ማጽዳት ይቻላል፦ ነዳጁን ከታንኩ መቅዳት፣ የተበከለውን አፈር ማውጣት፣ የተንሳፈፈውን መሳብ፣ ውሃውን በከሰል ማጣራት። በዘገየ ቁጥር ግን ወጪው ይጨምራል።

«እኛ ምን አቅም አለን?» ለሚል፦ በዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ቀበሌ ገበሬዎች ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ የዝናብን፣ የወንዝንና የጉድጓድን ውሃ ከፍታ ራሳቸው እየለኩ ለተመራማሪዎች አስረክበዋል። ገበሬው የለካውን ተማሪ መለካት አያቅተውም።

ምንጣፉን የገዙትን አባት አላህ ይመንዳቸው። ነገር ግን ሰደቃ የጎረቤትን ውሃ ለማበላሸት ፈቃድ አይሆንም። እርሳቸውን የምንወድ ከሆነ፣ ልጆች በጠጡት ውሃ በቂያማ ቀን እንዳይጠየቁ ዛሬ እንንገራቸው።

ለውይይት፦
ሀ) ውሃ ዉዱእ ይደረግበታል፣ ግን አይጠጣም ማለት እንዴት ይሆናል?
ለ) በሰፈራችሁ በመስጂዱ ጉድጓድና በቅርቡ ባለው ማደያ መካከል ያለው ርቀት ስንት እርምጃ ነው? ቁልቁለቱስ ወደየት ነው?
ሐ) ምክር የሚያበቃውና አቤቱታ የሚጀምረው የት ላይ ነው?

ወላሁ አዕለም።