ማንም «ቀስ!» የማይልሽ ቦታ

ስሚኝ እህቴ፤ ዛሬ ስለ ውፍረት አላወራሽም። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሌላው ሰው በቂ ነግሮሻል። እኔ የማወራሽ ስለ ፍጥነት ነው። እንዳንቺው ዓይኔ ስለማያይ የምልሽን አውቀዋለሁ፤ ከሰው አፍ ስንሰማው የምንውለው «ቀስ!» የሚለውን ነው። ደረጃ ላይ ቀስ፣ ታክሲ ስንሳፈር ቀስ፣ ቡና ስንቀዳ ቀስ። ስለሚሳሱልን ነው፣ አልቀየምም። ሰውነት ግን ዓመት ከዓመት ይህን ሲሰማ ይለምደዋል። እርምጃ ያጥራል፣ ትከሻ ይጨመደዳል፣ እጅ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሊመክት ይዘጋጃል። ቀኑን ሙሉ ፍሬን ረግጠን እንውላለን፤ ማታ የሚሰማን ድካም ከሥራው ይልቅ የጥንቃቄው ነው።

ስለዚህ «ለዓይነ ስውር የሚሆን ስፖርት የቱ ነው?» ብለሽ አትነሺ። ያንን ከጠየቅሽ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን እንድታወዛውዢ ነው የሚነግሩሽ። «ፍሬኑን የት መልቀቅ እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ልብሽ እስኪመታ፣ ላብ በጀርባሽ እስኪወርድ ድረስ ሳትፈሪ የምትንቀሳቀሺበት ቦታ አለ፤ አንዱ እዚያው ቤትሽ ውስጥ ነው።

ገመድ ዝላይ ዓይን አይጠይቅም። ገመዱ መሬት ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ይዘሽ ትዘያለሽ፤ የቀረው የእጅ አንጓ ሥራ ነው። ከበድ ያለ ገመድ ምረጪ፣ ቀላሉ ድምፅ የለውም። ያስቸገረሽ እንደሆነ የሚያስቸግርሽ ሳታውቂው ከቦታሽ መሸሽሽ ነው፤ የማያይ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲዘል ቀስ በቀስ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከዚያ ቁም ሣጥኑን ያገኘዋል። መላው ቀላል ነው። ከእግርሽ በታች ቀጭን የጎማ ምንጣፍ አንጥፊ፤ ጠርዙን ስትረግጪ ይታወቅሻል። ሬዲዮ ደግሞ ከፊትሽ አስቀምጪ፤ ድምፁ ወደ ጆሮሽ ጎን ከዞረ የዞርሽው አንቺ ነሽ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለሆንሽ ለታችኛው ቤት ሰዎች ሰዓቱን ንገሪያቸው።

ገመዱ የሰለቸሽ ቀን ዘፈን ክፈቺ። እስክስታ ትከሻን ያፍታታል፤ ትንፋሽ የሚያስጨርሰው ግን የጉራግኛ ጭፈራ ነው። አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቋርጪ ከጨፈርሽ ሌላ ማስረጃ አልጠይቅሽም። እርምጃውን ሳላይ እንዴት እማራለሁ አትበዪ። የምታውቅ ጓደኛሽ ከፊትሽ ትቁምና እጆችሽን ወገቧ ላይ አድርጊ፣ ዘፈኑን ሳትከፍቱ በዝግታ ትጨፍርልሽ። ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው መቼ እንደምታዞር እጅሽ ይነግርሻል። በመጨረሻ ጎን ለጎን ቆማችሁ በሙሉ ፍጥነት ሞክሩት።

ስንት ያህል ልሥራ ላልሽው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው፣ አካል ጉዳት ያለበትንም ጨምሮ፣ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ ይመክራል። የመካከለኛው ትንሹ በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ከአሥር ደቂቃ ብትጀምሪም ምንም አይደለም። የልብ ምት የሚያሳይ ሰዓት አያስፈልግሽም። እየተንቀሳቀስሽ ማውራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ መካከለኛው ላይ ነሽ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረሽ ትንፋሽ ካቋረጠሽ ጠንካራው ላይ ደርሰሻል።

ሩጫው ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ እሱን ረጋ ብዬ ልንገርሽ።

እጅ ለእጅ ተያይዞ መሮጥ አይሆንም፤ ክንድ መወዛወዝ አለበት። አንድ የጫማ ማሰሪያ ውሰጂና ሁለቱን ጫፎች ቋጥረሽ ቀለበት አድርጊው። አንዱን ጎን አንቺ በጣቶችሽ ያዥ፣ ሌላውን መሪሽ ትያዝ። በእጆቻችሁ መካከል ከአንድ ስንዝር ብዙም አይብለጥ፤ ከረዘመ መልእክቱ ዘግይቶ ይደርስሻል። ወደ ግራ ልትታጠፍ ስትል፣ ከአፏ ቃል ሳይወጣ፣ ክንዷ በማሰሪያው በኩል ይነግርሻል። እሷ በግራሽ ከሆነች የአንቺ ግራ ክንድና የእሷ ቀኝ ክንድ አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ። ስለዚህ አንቺ ቀኝ እግርሽን ስትሰነዝሪ እሷ ግራዋን ትሰነዝራለች። መጀመሪያ በእርምጃ ተለማመዱት፤ አንዴ ከገጠመ በኋላ ግን ማሰሪያውን መያዝሽንም ትረሺዋለሽ።

ንግግሩንም ቀድማችሁ ተስማሙበት። «ተጠንቀቂ» የሚለው ቃል ይቅር። ከምን? ከወዴት? ምንም አይነግርሽም፣ ቀጥ ብለሽ እንድትቆሚ ብቻ ያደርግሻል። «ከአምስት እርምጃ በኋላ ደረጃ፣ ወደ ታች»፣ «በቀኝሽ ግንድ አለ፣ ወደ እኔ ጠጋ»፣ «ጠጠር ነው»፣ «እስከ ሩቅ ሜዳ ነው፣ ልቀቂ» ትበልሽ። ይህን የመጨረሻውን ስትሰሚ እግሮችሽ ምን እንደሚያደርጉ ታያለሽ።

ያየሽ ጌቴን አስቢያት። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በፓሪስ ፓራሊምፒክ 1,500 ሜትሩን ከመሪዋ ከክንዱ ሲሳይ ጋር ሮጣ፣ በ4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ወሰደች። እሷ የሮጠችበት ቲ11 የሚባለው ምድብ ምንም ለማያዩ ወይም ብርሃን ብቻ ለሚለዩ ነው፤ ሯጮቹ ሁሉ ዓይናቸውን ተሸፍነው ይሮጣሉ። ደንቡን ስሚልኝ፦ መሪው ሯጯን መጎተት አይፈቀድለትም፣ ከእሷ ቀድሞም መስመሩን ማለፍ አይችልም። መንገዱን እሱ ይነግራል፣ ፍጥነቱ ግን የእሷ ነው። አንቺም ጃን ሜዳ ላይ ስትሮጪ ደንብሽ ይኸው ይሁን። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ በፓራሊምፒክ ታሪክ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ወርቅ ያመጣችው ትዕግስት ገዛኸኝ ናት፤ እሷም በ1,500 ሜትር ነው። የትዕግስት ምድብ ቲ13 ስለሆነ፣ ማለትም ጥቂት ለሚያዩ፣ ያለ መሪ ነው የምትሮጠው። ጭላንጭል ብቻ ለቀረላቸው ጓደኞችሽ ይህን ንገሪያቸው። አብዛኞቹ «እኔ እኮ ትንሽ አያለሁ» እያሉ ከሚያዩትም ከማያዩትም ሳይሆኑ ቤት ይቀመጣሉ።

የአዲስ አበባን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ ክዳኑ የጠፋ ቱቦ፣ መሀል የተተከለ ምሰሶ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ የቆመ መኪና። እዚያ ላይ ሩጪ አልልሽም። በማለዳ ሰፊ ሜዳ ፈልጊ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው»፣ ጎዳናው ለመኪና ዝግ ሆኖ ለእግረኛ የሚከፈትበት ቀን፣ ለእኛ የተመቸ ነው፤ በሰፈርሽ ሲደረግ እንዳያመልጥሽ። ኅዳር ላይ ደግሞ ታላቁ ሩጫ አለ፣ 10 ኪሎ ሜትር። እዚያ እየተራመደና እየጨፈረ የሚጨርሰው ሰው ስፍር ቁጥር ስለሌለው ማንም ቸኩይ አይልሽም። ግንባሩ ወጣ ያለ ኮፍያ አድርጊ፤ ቅርንጫፍ ከፊትሽ ቀድሞ የሚመታው ኮፍያውን ነው። ሁለቱንም ጆሮሽን በኤርፎን አትድፈኚ።

ጂም መግባት ከፈለግሽ ቋሚው ሳይክል ጥሩ ነው፤ መውደቅ የለበትም፣ የቻልሽውን ያህል ትረግጪዋለሽ። መሮጫ ማሽኑ ላይ ቁልፎቹ ልሙጥ ስለሆኑ፣ ማስጀመሪያውና ማቆሚያው ላይ አሠልጣኙን አስፈቅደሽ ትንሽ ፕላስተር ለጥፊ። ማሽኑን የሚያቆመውን ክር ልብስሽ ላይ ሳትሰኪ አትጀምሪ። ዋና ደግሞ፣ ገንዘቡ ከተገኘ፣ በገመድ የተከለለ መስመር ባለበት ገንዳ ይሁን፤ ስንት ጊዜ ስትቀዝፊ ግድግዳው እንደሚደርስ ቁጠሪ፣ እጅሽንም አስቀድሚ።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምንሻለሁ። ከመዝለልሽ በፊት የዓይን ሐኪምሽን ጠይቂ፣ አንቺም ጓደኞችሽም። ሬቲናው የመላቀቅ ሥጋት ያለበት፣ በስኳር ምክንያት ዓይኑ ውስጥ ደም የፈሰሰ፣ በቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ዝላይ ሊከለከል ይችላል። ግላኮማ ያለበት ፈጠን ያለ እርምጃ ይስማማዋል፤ ጭንቅላትን ወደ ታች ዘቅዝቆ መቆየት ግን የዓይንን ግፊት ይጨምራል። «ምንም አላይም፣ ከዚህ በላይ ምን ይጎዳል» የሚሉ አሉ። የማያይ ዓይንም ሊታመም ይችላል፤ የቀረች ጭላንጭልም ብትሆን ትጠበቃለች።

አሁን የሚቀረው መሪ ማግኘት ነው፤ ብዙዎቻችን የምንቀረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ማስቸገር መስሎሽ አትተዪው። የሰፈርሽን የጠዋት ሯጮች ጠይቂ፤ ብቻውን መሮጥ ሰልችቶት አጋር የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። ከአንቺ ፈጠን የምትል ምረጪ፤ እያለከለከች መንገድ ልትነግርሽ አትችልምና። አንድ ሰው ላይ ብቻ አትንጠልጠዪ፣ ሁለት ይኑሩሽ፤ አንዷ ስትቀር ሌላዋ አለች። ከመጀመሪያው ሩጫ በፊት አንዷ ዓይኗን በነጠላ አስራ ሌላዋ በማሰሪያው ሜዳውን አንድ ዙር ታዙራት፣ ከዚያ ይቀያየሩ። የትኛው ቃል ዘግይቶ እንደደረሳቸው፣ የቱ እንዳስደነገጣቸው፣ ራሳቸው ይነግሩሻል።