ከሌላ ቤት የመጣን ፈሪ ውሻ ማላመድ



እስካሁን ባደረግናቸው ሥልጠናዎች ስለ በግ ማድለብ፣ ስለ ዶሮ እርባታና ስለ መኖ አያያዝ ተነጋግረናል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ግቢያችንን ስለሚጠብቀው እንስሳ ግን ብዙም አላነሳንም። በዚህ ትምህርት የምናየው ውሻን ነው፤ ያውም ከሁሉም የሚያስቸግረውን፣ አድጎ ከሌላ ቤት የመጣውን ወይም ከመንገድ ያነሳነውን ድንጉጥ ውሻ። ጎረቤት ወደ ከተማ ሲገባ ትቶት የሄደ፣ ባለቤቱ የሞተበት፣ ከገበያ ተከትሎ የመጣ ውሻ በየቀበሌው አለ። ጅብ በሚበዛበት አካባቢ እንዲህ ያለውን ውሻ ማስጠጋት መልካም ነው። ሆኖም ሰው ሳያምን በሰንሰለት ታስሮ የሚኖር ፈሪ ውሻ ሁለት አደጋ ያመጣል። አንደኛ፣ ልጅ ይነክሳል። ሁለተኛ፣ ደፍሮ የሚይዘው ሰው ስለማይገኝ ሳይከተብ ይቀራል፤ ያልተከተበ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቤት ሊያስገባ ይችላል። ማላመዱን እንደ ቤተሰብ ጤና ሥራ እንድታዩት የምንፈልገው ለዚህ ነው።

ውሻው ለምን ይፈራል?

ቡችላ ሰውን፣ ከብትንና የቤት ድምፅን በቀላሉ የሚለምደው ከተወለደ ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በእነዚህ ሳምንታት የሰው እጅ ያልነካው ቡችላ ሲያድግ ሰውን ይሸሻል። ከዚያ በኋላም ይለምዳል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

ሌላው ምክንያት ድንጋይ ነው። መንገድ ላይ ውሻ ባለበት ጎንበስ ብትሉ፣ ምንም ባታነሱም ውሻው ይሸሻል። የጎነበሰ ሰው ድንጋይ እንደሚወረውር ከልጅነቱ ተምሯል። ዱላ፣ ጅራፍና ጥይትም እንዲሁ ናቸው። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ሲጮኽ ግቢ ጥሎ የሚጠፋ ውሻ አለ፤ አዲስ ውሻ ልታመጡ ካሰባችሁ ቡሄ ይለፍ።

ፍርሃቱን በምን እናውቃለን?

ጅራቱን በእግሮቹ መካከል መሸጎጡን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው የማያስተውላቸው ምልክቶች ግን አሉ፦ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል፣ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ይታያል። አንዳንዱ ደግሞ ደርቆ ይቆማል። ይህን ሲያዩ “ተረጋጋ፣ ለመደኝ” የሚሉ አሉ። መሸሻ ያጣ ውሻ ነው እንጂ የለመደ አይደለም፤ ንክሻ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው።

ማጉረምረሙንም በዱላ አትቅጡት። ውሻ ሲያጉረመርም “አትጠጉኝ” እያለ ማስጠንቀቁ ነው። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አብሮት ይኖራል። ቀጥሎ ሳያጉረመርም ይነክሳል። ሲያጉረመርም አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፣ ምን እንዳስፈራውም ልብ በሉ።

“ፈሪ ውሻ በኃይል ስለሚጮኽ ጥሩ ጠባቂ ነው” የሚባለውን እኔ አልቀበልም። ፈሪ ውሻ ለዶሮውም፣ ለጎረቤቱም፣ ለነፋሱም ይጮኻል። ባለቤቱ ጩኸቱን ይለምደውና ጅብ የመጣ ዕለት ከአልጋው አይነሳም።

ከማምጣታችሁ በፊት

ውሻው ገና በቀድሞ ባለቤቱ እጅ ሳለ ቢከተብ ትልቅ ድካም ይቀራል። የሚያምነው ሰው ይዞለት ይወጋል፤ እናንተም ለማላመድ ጊዜ ታገኛላችሁ። ይህን ለማድረግ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስቀድማችሁ አነጋግሩ።

ማረፊያውን ደግሞ ሰው ከማይበዛበት፣ ነገር ግን የቤተሰቡን ድምፅ ከሚሰማበት ማዕዘን አዘጋጁለት። ከዝናብና ከፀሐይ የሚከልል፣ ከሁለት ጎን ግድግዳ ያለው ይሁን፤ ጀርባው የተከለለለት ውሻ ይረጋጋል። በር ላይ አትሰሩት፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያስደነግጠዋል። የታጠረ ግቢ ካላችሁ ሳይታሰር ቢቀመጥ ይሻላል። ማሰር ግድ ከሆነ ገመዱ ረዘም ይበል፣ አንገቱ ላይ የሚውለውም ሲሳብ የማይጠብቅ ሰፊ ቆዳ ወይም ጨርቅ ይሁን።

መቅረብ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ምግብና ውሃ ከማቅረብ በቀር አትንኩት፣ አትጥሩት፣ እንግዳም አታሳዩት። ምግቡን አንድ ሰው ብቻ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዕቃ ያቅርብለት። ሳህኑን አስቀምጦ ይሂድ።

ከዚያ በኋላ ያው ሰው ምግቡን አስቀምጦ፣ ውሻው ከማይደነግጥበት ርቀት ላይ በበርጩማ ይቀመጥ። ተቀምጦ እንጂ ጎንበስ ብሎ አይሁን፤ የመጎንበሱን ምክንያት ከላይ አይተናል። ፊቱን ወደ ጎን ያዙር፣ ዓይን ለዓይን አይተያይ። ዱላው ውጭ ይቅር። የሚሠራው ሥራ ካለ፣ እህል መልቀምም ቢሆን፣ ዝም ብሎ ይሥራ። ርቀቱ ትክክል መሆኑን የሚነግራችሁ ውሻው ራሱ ነው፦ ከበላ ርቀቱ ልክ ነው፤ ካልበላ ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ራቅ በሉ። በየሁለት ሦስት ቀኑ በርጩማውን ግማሽ እርምጃ ያህል አስጠጉ። አንድ ቀን ከደነገጠ ወደ ትናንቱ ቦታ ተመለሱ፤ ሥራው ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል እንጂ አልተበላሸም።

በአንድ ቀበሌ ያየኋት ውሻ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። አርሶ አደሩ ከተማ ከገባ ዘመዱ የተረከባት፣ የሦስት ዓመት ገደማ ውሻ ነበረች። ቶሎ ትልመደኝ ብሎ በየቀኑ በገመድ እየጎተተ ያሻሻት ነበር፤ ወር ሙሉ ስታየው መሬት ላይ እየተለጠፈች ሽንቷን ትለቅ ነበር። ስድስተኛ ክፍል የምትማር ልጁ ግን ማታ ማታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጮክ ብላ እያነበበች ቁራሽ እንጀራ ወደ ኋላዋ ትጥል ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ውሻዋ መጥታ የልጅቷን ክርን አሸተተች። ልጅቷ ዞር አላለችም፤ ማንበቧን ቀጠለች። ከወር በኋላ ውሻዋ ልጅቷን ተከትላ ውሃ ልትቀዳ ትወርድ ነበር፤ አባትየው ሲገባ ግን አሁንም ከማዕዘኗ አትወጣም ነበር። እሱም በርጩማ ይዞ ከመጀመሪያው ጀመረ።

ውሻው በራሱ ፈቃድ መጥቶ ሲያሸታችሁ ወዲያው አትዳስሱት። ይህ ለጥቂት ቀናት ከተደጋገመ በኋላ እጃችሁን ከታች አምጥታችሁ አገጩን ወይም ደረቱን ንኩት። ከላይ ወደ ራሱ የሚመጣ እጅ ለእሱ የሚመታ እጅ ነው። እስከ ሦስት ቆጥራችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ተመልሶ ከተጠጋ ቀጥሉ፤ ፊቱን ካዞረ ለዚያ ቀን ይበቃል። መምረጥ እንደሚችል ያወቀ ውሻ ለመንከስ ምክንያት የለውም። አንዳንዱ በሦስት ሳምንት ይገራል፣ አንዳንዱ ሦስት ወርም ከዚያ በላይም ይፈጅበታል።

ምን እናብላው?

በአጓት የራሰ እንጀራ ወይም ዳቦ፣ ተቀቅሎ የበሰለ የሥጋ ቁራጭ ለማላመድ ጥሩ ነው። በጾም ወራት ከገበታ የሚተርፈው ስለሚለወጥ የውሻው ድርሻ ለብቻው ይታሰብ፤ ማላመድ ጀምሮ በረሃብ መተው ውሻውን ወደ መንገድ ይመልሰዋል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ለውሻ አይስማማም፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ ሆድ ዕቃውን ሊወጋ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የታረደ በግ ጭንቅላት፣ ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጡት። በጎቻችንን የሚያዞረው የአዙሪት በሽታ ትል የሚተላለፈው ውሻ የታመመን በግ ጭንቅላት በልቶ፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ግጦሽ ሲገባ ነው። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢትም በውሻ በኩል ይዞራል፤ ይህኛው ሰውንም ይይዛል። እንዲህ ያለውን ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ውሻውም የትል መድኃኒት እንዲወስድ ባለሙያውን ጠይቁ።

ልጆች

ልጆች ሲበላ፣ ሲተኛ፣ ታስሮ ሳለና ቡችሎች ሲኖሯት አይጠጉ። ከፊቱ አይሩጡ፣ አይቀፉት። ትንንሾቹን ያለ አዋቂ ከእሱ ጋር አትተዉ።

ፍርሃት ወይስ በሽታ?

ፈሪ ውሻ ከመጀመሪያው ቀን ፈሪ ነው። የለመደ ውሻ ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ያለ ምክንያት እንጨትና ድንጋይ ከነከሰ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ድምፁ ከተቀየረ ወይም ከተንገዳገደ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ውሻ ለማላመድ አትሞክሩ፤ ራቁት፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

ማንኛውም ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚያድነው ከዚያ በፊት ነው። ጠበል የሚሄድም ሰው ክትባቱን ወስዶ ይሂድ። የነከሰው ውሻ ያለ አደጋ ሊያዝ ከቻለ ለ10 ቀን ተዘግቶበት በባለሙያ ይታይ፤ የተነከሰው ሰው ግን ያን ውጤት አይጠብቅም።

ለክትባት ቀን ማዘጋጀት

ውሻው እጃችሁን ከለመደ በኋላ በየቀኑ ትከሻውንና የአንገቱን ቆዳ በቀስታ ጨበጥ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ቁራሽም ስጡት። አፉን በለስላሳ ጨርቅ ለአፍታ ማሰርንም እንዲሁ አለማምዱት። ቡችላ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። በክትባቱ ዕለት የሚያበላው ሰው ራሱ ይዞት ይምጣ፣ ውሻ ከተሰበሰበበት ራቅ ብሎ ይቁም፣ ተራው ሲደርስ ይጠራ።

ለቡድን ውይይት
1. በቡድናችሁ ውስጥ ማንም ሊይዘው የማይችል ውሻ ያለው ማን ነው? ባለፈው ዓመት ተከትቧል?
2. በቤታችሁ ውሻውን የሚያበላው ማን ነው? በክትባቱ ዕለትስ ቤት ይኖራል?