የሥራ አቤቱታ የሚዘጋጀው ሥራ ላይ እያለን ነው



በካምፓችንና በካኩማ ከተማ በምግብ ቤት፣ በሱቅ፣ በጋራዥና በግንባታ ሥራ ተቀጥረን የምንሠራ ብዙ ነን። «ደመወዝህን ነገ» እየተባለ ወራት ያለፉበት፣ ወይም አንድ ማለዳ «ከዛሬ ጀምሮ አትምጪ» የተባለችም ከመካከላችን አትጠፋም። በዚህ ትምህርት እንዲህ ያለው በደል ሲደርስብን ጉዳያችንን በኬንያ ሌበር ኦፊሰር ለሚባለው የመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ሹም እንዴት አዘጋጅተን እንደምናቀርብ እንመለከታለን።

እኛ መምህራን ደብዳቤ እንድንጽፍና እንድናስተረጉም ስለምንለመን ከአንድ ወንድማችን ጋር ሹሙ ዘንድ ቀርበን ነበር። በአንድ ምግብ ቤት ከአንድ ዓመት በላይ በአስተናጋጅነት ሠርቶ የሁለት ወር ደመወዙን ሳይቀበል ተባሯል። ሹሙ በትሕትና ተቀብሎን «መቼ ተቀጠርክ?» አለው። «ጎርፉ ከመጣ በኋላ» አለ። «በስንት ደመወዝ?» «አንዳንዴ እንዲህ፣ አንዳንዴ እንዲያ።» «ከሥራ የወጣኸው መቼ ነው?» ጣቱን ቆጥሮ አምስት ወር እንዳለፈው ነገረው። ሹሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወንድማችን እውነቱን ይዞ ሄደ፤ እውነቱን የሚያስረዳለት ግን ምንም ነገር አልያዘም ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

፩. አቤቱታው ወዴት ይቀርባል?

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወል የሥራ ክርክርን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሲያይ፣ የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። በኬንያ መንገዱ ይለያል። እዚህ አንድ ሠራተኛ ያለ አግባብ ከሥራ ሲሰናበት እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የቅጥር ሕግ መሠረት በመጀመሪያ ለሌበር ኦፊሰር ማመልከት ይችላል። ሹሙ ሁለቱንም ወገኖች ሰምቶ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል። ሐሳቡ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። አሠሪው እምቢ ካለ ጉዳዩ ወደ ቅጥርና የሠራተኛ ግንኙነት ፍርድ ቤት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ማስታወቂያ ደግሞ ጠቅላላ የወር ደመወዛቸው ከ80,000 ሺልንግ የማይበልጥ ሠራተኞችን ጉዳይ የማጅስትሬት ፍርድ ቤቶች እንዲያዩ ተፈቅዷል። በዋናው ፍርድ ቤት ሠራተኛው ያለ ጠበቃ ራሱ ቀርቦ መከራከር ይችላል።

፪. ጊዜው ስንት ነው?

ያለ አግባብ ተሰናብቻለሁ የሚል ሠራተኛ ለሌበር ኦፊሰር የሚያመለክተው ከተሰናበተበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። ለፍርድ ቤት ያለው ጊዜ በመደበኛው 3 ዓመት ነው። ፍርድ ቤቶቹ ይህን ጊዜ ማራዘም እንደማይቻል ደጋግመው ወስነዋል። በሽምግልና ላይ መሆናችንም ሰዓቱን አያቆመውም። ስለዚህ ሽማግሌ መላክ መልካም ቢሆንም ቀኑን እየቆጠርን ይሁን። ከካምፕ ወጥተን ቢሮው ወዳለበት ከተማ ለመሄድ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ እንደሚያስፈልገንም አንርሳ፤ ፈቃዱን የምንጠብቅበት ጊዜ ከ3 ወሩ ላይ የሚቀነስ ነው።

፫. የማስረዳት ሸክም የማን ነው?

ሕጉ ሸክሙን ለሁለት ከፍሎታል። ስንብቱ አግባብ አለመሆኑን ማሳየት የሠራተኛው ድርሻ ሲሆን፣ ላሰናበተበት ምክንያት በቂ መልስ መስጠት የአሠሪው ድርሻ ነው። በጥፋት ወይም በሥራ ድክመት ከማሰናበቱ በፊትም አሠሪው ምክንያቱን ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ መንገርና መልሱን መስማት አለበት። ሠራተኛው በዚያ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባውን ይዞ የመገኘት መብት አለው።

3 ወርና ከዚያ በላይ የሚቆይ ሥራ በጽሑፍ ውል መሆን ይገባዋል፤ ውሉን የማዘጋጀት ግዴታም የአሠሪው ነው። በክርክር ጊዜ አሠሪው የጽሑፍ ውል ማቅረብ ካልቻለ፣ ሠራተኛው «ውላችን እንዲህ ነበር» የሚለውን የማስተባበል ሸክም በአሠሪው ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ወረቀት ስለሌለን ብቻ ተስፋ አንቁረጥ። ነገር ግን እዚያ ቦታ መሥራታችንን የሚያሳይ ነገር ከእኛ ይጠበቃል።

፬. ምን እንሰብስብ?

ሀ) ደብተር። ሥራ የጀመርንበትን ቀን፣ የተስማማንበትን ደመወዝ፣ የሠራንባቸውን ቀናትና የተቀበልነውን ገንዘብ በየዕለቱ እንጻፍ። አንዲት እኅታችን በወጥ ቤት ስትሠራ ይህን ሁሉ በልጇ የትምህርት ደብተር ጀርባ ትጽፍ ነበር። ክርክር በተነሳ ጊዜ አሠሪዋ ደብተሩን ገልጦ አይቶ ያስቀረባትን ደመወዝ ሹሙ ፊት ከፈላት።

ለ) የኤም-ፔሳ መልእክቶች። ደመወዝ በስልክ ከተላከልን የላኪው ስም፣ ቀኑና መጠኑ በመልእክቱ ላይ አለ። አናጥፋው። ስልክ ስለሚጠፋ ወደ ደብተር እንገልብጠው።

ሐ) ምስክር። አብሮን የሠራ፣ ወይም ዘወትር እየመጣ ሲስተናገድ ያየን ደንበኛ። ስሙንና ብሎኩን እንመዝግብ።

መ) ሌሎች ወረቀቶች። የመግቢያ ባጅ፣ የተፈረመ ደረሰኝ፣ አሠሪው የጻፈልን ማንኛውም ማስታወሻ። ዋናውን ለማንም አንስጥ፤ ኮፒውን እንስጥ።

፭. ማመልከቻው እንዴት ይጻፋል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን እንጀምር። አንድ ገጽ ይበቃል። ስማችን በመታወቂያ ካርዳችን ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይሁን። ቀጥሎ የአሠሪው ስምና ቦታ፣ የተቀጠርንበትና የተሰናበትንበት ቀን፣ ደመወዛችን፣ የሆነው ነገር፣ በመጨረሻም የምንጠይቀው ይጻፋል። ስድብና እርግማን ጉዳያችንን ያደክማል።

ሁለት ስሕተቶችን እንጠንቀቅ። በእኛ አቆጣጠር የጻፍነውን ቀን ወደ እነርሱ አቆጣጠር እንለውጥ፤ አለዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንሄዳለን። ሰዓትም እንዲሁ ነው። በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ቢሆንም በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚጻፈው 8 ተብሎ ነው።

የምንጠይቀውንም በዝርዝር እንጻፍ። ለምሳሌ ደመወዙ በወር 15,000 ሺልንግ የሆነ ሠራተኛ ያልተከፈለ 2 ወር ቢኖረው፦ ውዝፍ ደመወዝ 30,000 ሺልንግ፤ በየወሩ የሚከፈለው ሠራተኛ ስለሆነ ያልተሰጠው የ28 ቀን ማስጠንቀቂያ ክፍያ፤ 12 ወር ከሠራም ያልወሰደው የ21 የሥራ ቀን ዕረፍት፤ እንዲሁም የአገልግሎት ምስክር ወረቀት። ስንብቱ አግባብ ያልሆነ እንደሆነ ካሳ ሊወሰን ይችላል። የ12 ወር ደመወዝ ግን የካሳው ጣሪያ ነው እንጂ ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም።

፮. ሹሙ ፊት ስንቀርብ

በቀጠሮው ቀን አስተርጓሚ ይዘን በጊዜ እንገኝ። አሠሪው እርቅ ካቀረበና ከተስማማንበት በጽሑፍ ይሁን። «ሁሉንም ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ገንዘቡ ሳይቆጠርና ጽሑፉ ሳይተረጎምልን አንፈርም። የጣት አሻራም ፊርማ ነው። መሠረት ያለው አቤቱታ ማቅረብ ከሥራ ለማሰናበት በቂ ምክንያት እንደማይሆንም ሕጉ ይናገራል።

፯. የእኛ የስደተኞች ልዩ ሁኔታ

እ.ኤ.አ. የ2021 የኬንያ የስደተኞች ሕግ የታወቀ ሙያ ያለው ስደተኛ ተቀጥሮ የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የሥራ ፈቃድ ጉዳይ ግን አብሮ ይነሳል። ፈቃድ የሌለን እንደሆነ ከማመልከታችን በፊት ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ድርጅቶችን እናማክር። በኢንሴንቲቭ የምንሠራም የምንፈርመው ወረቀት «ሠራተኛ» ይል ወይም «በጎ ፈቃደኛ» መሆኑን አስቀድመን እንይ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በዓለም አቀፍ ስምምነት በአገሩ ፍርድ ቤት ከመከሰስ የተጠበቁ ስለሆኑ፣ በእነርሱ ላይ ያለን ቅሬታ የሚቀርበው በራሳቸው የአቤቱታ መንገድ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ሥራ የጀመራችሁበትን ቀን፣ ወርና ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ትችላላችሁ?
2. ነገ ብትሰናበቱ 3 ወሩ የሚያልቀው መቼ ነው?
3. መሥራታችሁን የሚያሳዩ ሦስት ነገሮች ጥቀሱ።

ሦስቱንም መመለስ ያልቻለ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ያውጣና የመጀመሪያውን መስመር ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ወደ ክፍላችን ይምጣ፤ እንጽፍለታለን፤ መጻፉንም እናስተምረዋለን።

ቸር ይግጠመን።